ማስቶዶን ላይ ቤት መያዝ፦ ከሰርቨር ምርጫ እስከ ጓዝ ጠቅልሎ መውጣት

ኢሎን መስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ የያዘው ኦክቶበር 27 ቀን 2022 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያን ሰሞን ማስቶዶን የሚባለው ማኅበራዊ መረብ በወር ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ተጠቃሚ ነበረው፤ ኖቬምበር ሳያልቅ 2.5 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ደግሞ ወረደ። ከመጡት ብዙዎቹ ጥቂት ሰንብተው ተመለሱ። ቴክኒኩ ከብዷቸው የሄዱ አይጠፉም፤ በእኛ ግምት ግን የሚበዙትን ያባረራቸው ባዶ ቤት ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ እንግዳ ሲመጣ ወዲያው ማዕድ ያቀርባሉ፣ የሚያየውን ራሳቸው ይመርጡለታል። ማስቶዶን ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። ምንጣፉን ማንጠፍ፣ ጎረቤት መጥራት፣ ቡናውን ማፍላት የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ስለዚህ እዚህ ስለ መመዝገቢያው ቅጽ ጥቂት፣ ቤቱ እንዴት እንደሚሞላና እንዴት እንደሚለቀቅ ግን ብዙ እናወራለን። በተለይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላው የማይገጥመው ሁለት ሦስት ጣጣ ይገጥመዋል፤ እነሱ ላይ እንቆያለን።

መረቡ እንዴት ነው የቆመው

ማስቶዶን ኦይገን ሮችኮ የተባለ ጀርመን አገር የሚኖር ፕሮግራመር በ2016 ያወጣው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ማንም አውርዶ በራሱ ማሽን ላይ ሊጭነው ይችላል። የተጫነበት እያንዳንዱ ቦታ ሰርቨር ይባላል፤ የራሱ አድራሻና የራሱ አስተዳዳሪ አለው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ያለው ሰው የሳፋሪኮም ሲም ላለው ሰው እንደሚደውለው ሁሉ፣ አንዱ ሰርቨር ላይ የተመዘገበ ሰው ሌላው ላይ ያለውን ይከተላል፣ ይመልስለታል፣ ጽሑፉን ያጋራለታል። ሰርቨሮቹ የሚግባቡበት ቋንቋ አክቲቪቲፐብ ይባላል፤ የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ በጃንዋሪ 2018 አጽድቆታል።

አስተዳደሩን ለመረዳት ግን ከስልክ ይልቅ ዕድር ይቀርባል። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ መዋጮ አለው። ደንብ ያፈረሰ ይባረራል። አንዱ ዕድር ከሌላው ጋር ከተጣላ ደግሞ ግንኙነቱን ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ ምንም ያላጠፉት አባላት ጭምር ከወዲያኛው ሰፈር ሰው ጋር አይተያዩም። የዳኛው ጠብ ለአባሉ ይተርፋል ማለት ነው። ሰርቨር ሲመረጥ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው።

(ብሉስካይ የሚባለው ማኅበራዊ መረብ ሌላ መንደር ነው፤ ኤቲ ፕሮቶኮል የሚባል የራሱ ቋንቋ አለው። ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ብሉስካይ ይቀላል ብንል አላጋነንም። የሜታው ትሬድስ ግን ከ2024 ጀምሮ አክቲቪቲፐብን በከፊል ይናገራል፤ እንዳይገናኙት የወሰኑ የማስቶዶን ሰርቨሮችም ጥቂት አይደሉም።)

ሰርቨር መምረጥ

ጆይን ማስቶዶን ዶት ኦርግ የሚለው ገጽ ላይ ዝርዝር አለ። እዚያ ለመግባት ሰርቨሩ የተወሰኑ ግዴታዎችን መፈጸም አለበት፦ በዘረኝነትና በመሰል ጥቃቶች ላይ እርምጃ መውሰድ፣ በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ ከአስተዳዳሪው ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው በድንገተኛ ጊዜ መግባት እንዲችል ማድረግ፣ ለመዝጋት ሲወሰን የ3 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት። ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሰርቨር መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለጀማሪ ግን ከዝርዝሩ መውጣት አያስፈልግም።

ሁለት ሦስት ሰርቨር ከመረጣችሁ በኋላ የእያንዳንዱን «አባውት» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። አምስት ደቂቃ የሚወስድ ንባብ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ይዘለዋል። መጀመሪያ አስተዳዳሪው ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚገኝ እዩ። ቀጥሎ ደንቡን አንብቡ። «ተከባበሩ» ብቻ የሚል ደንብ ጠብ ሲነሳ አይረዳችሁም፤ ምን እንደሚያስቀጣ በግልጽ የጻፈ ይሻላል። ከዚያ ወረድ ብሎ የታገዱ ሰርቨሮች ዝርዝር አለ፤ አንዳንዶቹ ከነምክንያቱ ያስቀምጡታል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ወይ ሰርቨሩ ገና ትናንት ተከፍቷል ወይ ማንም እየጠበቀው አይደለም። አንድ የምትከተሉት ጋዜጠኛ ወይም ወዳጅ ካለ የእሱ ሰርቨር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ አንዴ ከገባችሁ በኋላ ብታውቁት ማድረግ የምትችሉት ጥቂት ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማሽኑ ኪራይ አለው፤ ፎቶና ቪዲዮ ሲከማች ኪራዩ ይጨምራል። የመዋጮ ገጽ ያለውና ወጪውን የሚያሳይ ሰርቨር፣ አንድ ቸር ሰው ከኪሱ ከሚደጉመው ይልቅ ዕድሜ አለው። ትልቅ ስም ዋስትና ነው ብላችሁም አትታለሉ፦ የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ የከፈተው ሰርቨር ዲሴምበር 17 ቀን 2024 ተዘግቷል። የአድራሻው መጨረሻ ላይ ያለው የአገር መለያም ጣጣ አለው። በአፍጋኒስታን መለያ የተመዘገበ አንድ ሰርቨር በፌብሩዋሪ 2024 የታሊባን መንግሥት ስሙን ስላገደበት አድራሻው ከጥቅም ውጭ ሆኗል። አጭርና የሚያምር አድራሻ ከማየት በፊት መለያውን የሚሰጠው መንግሥት ማን እንደሆነ እዩ።

መጠኑስ? ትልቁ ሰርቨር ማስቶዶን ዶት ሶሻል ሲሆን የሚያስተዳድረውም ሶፍትዌሩን የሚሠራው ድርጅት ራሱ ነው፤ ኦፊሴላዊው አፕ መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁም እሱን ነው። ማሰብ የማይፈልግ ሰው እዚያ ቢገባ አንቆጣም። ሕዝቡ ስለበዛ ግን አቤቱታ ይዘገያል፤ አንዳንድ ትንንሽ ሰርቨሮችም በአይፈለጌ መልእክት ምክንያት ለጊዜው ያግዱታል። እኛ የምንመርጠው ከጥቂት ሺህ እስከ ጥቂት አሥር ሺህ አባል ያለውን ነው። የአማርኛ ሰርቨር ፍለጋ ቀን አታቃጥሉ፤ በዚህ መረብ ላይ ቋንቋ የሚታወቀው በእያንዳንዱ ጽሑፍ ነው፣ ሰርቨሩ የፈለገውን ይሁን። ጀርመን ወይም ሆላንድ የምትኖሩ ግን አንድ ጥቅም አላችሁ፦ የሁለቱም አገር መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው የማስቶዶን ሰርቨር ስላላቸው፣ የትም ብትመዘገቡ ማስታወቂያቸውን ቀጥታ መከተል ትችላላችሁ።

ምዝገባ

የተጠቃሚ ስም የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በሥር ሰረዝ ብቻ ነው፤ እስከ 30 ፊደል። በኋላ አይቀየርም። ስማችሁ ጸጋዬ ወይም ቅድስት ከሆነ በላቲን የሚጻፍበት መንገድ ብዙ ነውና፣ ሰው ስሙን ሰምቶ መጀመሪያ የሚሞክረውን አጻጻፍ ምረጡ። ከላዩ የሚታየው ስም ግን በግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ እሱን በፈለጋችሁ ጊዜ ትቀይሩታላችሁ።

ብዙ ሰርቨሮች «ለምን መግባት ፈለግህ?» የሚል ሳጥን አላቸው። ባዶ የተወው ወይም «እባካችሁ» ብቻ ያለ ሰው ይጣላል፤ አስተዳዳሪው የሚፈራው አይፈለጌ መልእክት የሚረጭ ማሽን ስለሆነ ሰው መሆናችሁን ማሳየት በቂ ነው። ስለ ምን እንደምትጽፉና በምን ቋንቋ እንደምትጽፉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መልሱ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ሊወስድ ይችላል። የማረጋገጫው ኢሜይል ካልመጣ ስፓም ውስጥ ፈልጉት። ቪፒኤን ከፍታችሁ ከሆነ ደግሞ ለምዝገባው ጊዜ ዝጉት፤ አይፈለጌ መልእክት የሚልኩትም በቪፒኤን ስለሚመጡ አንዳንድ ሰርቨር ያንን መግቢያ ጨርሶ ዘግቶታል።

እንደገባችሁ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩና የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ገልብጡ። ስልክ ቢሰረቅ ደውላችሁ የምትጮኹበት የደንበኞች አገልግሎት የለም። አስተዳዳሪው ቀን ሌላ ሥራ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ እናንተ መሆናችሁን የሚያረጋግጥበት መታወቂያም የለውም።

ሰው ከመከተል በፊት

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ብዙዎች ገብተው ወዲያው መቶ ሰው ይከተላሉ፤ እነዚያ መቶ ሰዎች ማሳወቂያው ደርሷቸው ገጻችሁን ሲከፍቱ ፎቶ የሌለው፣ አንድ ፖስት ያልጻፈ አካውንት ያያሉ። ማሽን ነው ብለው ያልፋሉ፤ ተመልሰውም አያዩትም። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ አስገቡ፣ ስለ ራሳችሁ ሦስት አራት መስመር ጻፉ (ቦታው እስከ 500 ፊደል ይይዛል)፣ አንድ የመተዋወቂያ ፖስት ጽፋችሁ ገጻችሁ አናት ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ሦስት ማስተካከያ አለ። ሁሉንም በስልክ አፕ ከመፈለግ በብሮውዘር መግባት ይቀላል።

አንደኛው «ፕራይቬሲ ኤንድ ሪች» የሚለው ነው። እዚያ ውስጥ ሕዝባዊ ፖስቶቻችሁ በፍለጋ እንዲገኙ የሚፈቅድ ምልክት አለ። ሳትነኩት ከተዋችሁት ዝግ ነው፤ የጻፋችሁት በሃሽታግ ካልሆነ በቀር በቃል ፍለጋ አይወጣም። መደበቅ ለሚፈልግ መልካም ነው፤ አንባቢ ለሚፈልግ ግን ያለ ምልክት ሱቅ መክፈት ነው።

ሁለተኛው የምትጽፉበት ቋንቋ ነው። «ፕሪፈረንስ» ውስጥ ገብታችሁ የፖስት ቋንቋ በሚለው ላይ አማርኛን ምረጡ። ካልመረጣችሁ ፖስቱ ገጹን በምታዩበት ቋንቋ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ እንደተጻፈ ተመዝግቦ ይሄዳል። ውጤቱ ሁለት ነው፦ አማርኛ ብቻ አሳየኝ ብሎ ያጣራ ሰው አያየውም፤ አማርኛ የማይችለው የእንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ ያልጠበቀው ፊደል ሲመጣበት ያግዳችኋል። በሁለት ቋንቋ የምትጽፉ ከሆነ ፖስት በጻፋችሁ ቁጥር ከሳጥኑ ሥር ያለውን የቋንቋ ምልክት ማየት ልማድ ይሁን።

ሦስተኛው ዳታ ነው። ቪዲዮና የሚንቀሳቀስ ምስል በራሱ እንዳይጫወት አድርጉ፤ የሞባይል ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይታያል።

ቤቱን መሙላት

የመነሻው ገጽ የሚያሳያችሁ የተከተላችሁትን ሰውና ሃሽታግ ብቻ ነው፤ የሚደረደረውም በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ከላይ ሆኖ የሚመርጥ አልጎሪዝም የለም። 10 ሰው የተከተለ ሰው ጠዋት ከፍቶ ሦስት ፖስት ያያል፤ ማታ ሲከፍት ያንኑ ያያል፤ ሦስተኛ ቀን አይከፍተውም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ50 እስከ 100 አካውንትና አሥር ያህል ሃሽታግ ለመከተል አቅዱ። የማይረባውን በኋላ ማንሳት ቀላል ነው።

ሰው የሚገኘው በሰው ነው። አንድ ጥሩ የሚጽፍ አካውንት ካገኛችሁ እሱ የሚያጋራቸውን አንብቡ፣ ከዚያ እሱ የሚከተላቸውን ዝርዝር ክፈቱ። ዝርዝሩ ባዶ መስሎ ከታየ ደብቆት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰርቨራችሁ ስለእነዚያ ሰዎች ገና ስለማያውቅ ነው። የእሱን ገጽ በራሱ ሰርቨር ላይ ብትከፍቱት ሙሉውን ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግረው ነገር ይመጣል። የሌላ ሰርቨር ገጽ ላይ ሆናችሁ «ፎሎው» ስትጫኑ እንደማያውቃችሁ ቆጥሮ ግባ ይላችኋል። የይለፍ ቃላችሁ እዚያ አይሠራም፤ አካውንታችሁ የሚኖረው በእናንተ ሰርቨር ነው። መፍትሔው የሰውየውን ሙሉ አድራሻ፣ ሁለቱንም የ@ ምልክት ጭምር፣ ገልብጣችሁ ወደ ራሳችሁ ሰርቨር መፈለጊያ ሳጥን መለጠፍ ነው። ተከትላችሁት የድሮ ፖስቶቹ ካልታዩም አልተበላሸም፤ ከእናንተ ሰርቨር ማንም ቀድሞ ካልተከተለው የሚላክላችሁ ከአሁን በኋላ የሚጽፈው ነው። የኮከቡ (የማስቶዶን ላይክ) እና የማጋሪያው ቁጥርም ከሰርቨር ሰርቨር ይለያያል። አንዱ ጋ 40 የሚለው ሌላው ጋ 6 ሊል ይችላል፤ እያንዳንዱ የሚቆጥረው የደረሰውን ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ መተው አለበት። ኮከብ መስጠት ለጸሐፊው «አይቼዋለሁ» ማለት ብቻ ነው፤ ጽሑፉን ለተከታዮቻችሁ አያደርስም። የሚያደርሰው ማጋራት፣ ማለትም «ቡስት» ነው። ከፌስቡክ የመጣ ሰው ላይክ ሲያደርግ ይውልና መረቡ ጭር ያለ ይመስለዋል። አንባቢዎቻችሁ በሰዓት ልዩነት የተበተኑ ከሆኑም፣ አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት የወጣ ጽሑፍ ዋሽንግተን ላይ ገና ሥራ ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ በማግስቱ የራሳችሁን ፖስት አንድ ጊዜ መልሶ ማጋራት ነውር የለውም።

ሃሽታግና ፊደላችን

ሃሽታግ በግዕዝ ፊደል ይሠራል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አለማወቁ ነው። ሥነጽሑፍ የሚለውን ቃል ውሰዱ። መጀመሪያው ሥ ወይም ስ፣ መካከሉ ጽ ወይም ፅ፣ ቀጥሎ ሑ፣ ሁ ወይም ኁ ሊሆን ይችላል፤ 2 በ2 በ3 ሲባዛ 12 አጻጻፍ ነው። ለማስቶዶን እነዚህ 12 የተለያዩ ሃሽታጎች ናቸው፤ #ሥነጽሑፍን የተከተለ ሰው #ስነፅሁፍ ብሎ የጻፈውን አያገኝም። ቋንቋ አዋቂው የሚመርጠውን ፊደል አንድ፣ ሰው በስልክ ቶሎ የሚጽፈውን አንድ አድርጋችሁ ሁለቱንም መጻፍ ይሻላል። ለመከተል ሲሆን ደግሞ ሦስት አራቱን ተከተሉ። በኮምፒውተር «አድቫንስድ ዌብ ኢንተርፌስ» የሚለውን ብታበሩ አንድ ዓምድ ውስጥ በርካታ ሃሽታጎችን ማጠራቀም ይቻላል።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዋስው ነው። አማርኛ ቃሉ ላይ ከፊትም ከኋላም ይለጥፋል። #ቡና እና #ቡናን ሁለት ሃሽታግ ናቸው፤ #ቡናውም ሦስተኛ። ከፊት ሲለጠፍ ይብሳል፦ «በ#ቡና ዋጋ ላይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጭራሽ ሃሽታግ አይሆንም፤ ምልክቱ ከፊቱ ፊደል ከተጣበቀበት ሶፍትዌሩ ይዘለዋል። በዓረፍተ ነገሩ መካከል ሃሽታግ ለመሰንቀር አትታገሉ። ጽሑፉን በወጉ ጨርሱ፣ መስመር ዝለሉ፣ ሃሽታጎቹን ቅጥያ በሌለው መልካቸው መጨረሻ ላይ ደርድሩ።

ክፍተት ሃሽታጉን ይቆርጠዋል፤ #አዲስ አበባ ብላችሁ ከጻፋችሁ የተመዘገበው #አዲስ ብቻ ነው። #አዲስአበባ ወይም #አዲስ_አበባ መሆን አለበት። ሁለት ነጥብ (፡) እና ነቁጥም እንዲሁ ይቆርጣሉ።

ሲጻፍ

በተለመደው ሰርቨር የአንድ ፖስት ወሰን 500 ፊደል ነው። አማርኛ ለሚጽፍ ይህ ከሚመስለው በላይ ሰፊ ነው። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር ነፃ ተጠቃሚው የተባለለት 280 ለእኛ 140 ብቻ ነው፤ ማስቶዶን ግን አንዱን ፊደል አንድ ብሎ ይቆጥራል። ሊንክ ምንም ያህል ቢረዝም እንደ 23 ፊደል ይታሰባል። የሰው ስም ስትጠቅሱ የሚቆጠረው የተጠቃሚ ስሙ እንጂ የሰርቨሩ አድራሻ አይደለም።

ረጅም ነገር በተከታታይ ስትጽፉ የመጀመሪያውን ለሁሉም ክፍት አድርጉና የቀሩትን «ኳየት ፐብሊክ» በሚለው ላኩ። ካልሆነ የሰርቨሩን የጋራ ገጽ በእናንተ ብቻ ትሞሉታላችሁ፤ ጎረቤት በዚህ ይቀየማል።

ፎቶ እስከ አራት ይለጠፋል፤ ለእያንዳንዱ እስከ 1500 ፊደል መግለጫ ቦታ አለው። መግለጫው ማየት ለተሳናቸው በድምፅ ይነበባል፣ ኔትወርክ ደክሞ ምስሉ ላልመጣለት ሰውም ይጠቅማል። እዚህ መረብ ላይ መግለጫ የሌለውን ፎቶ ጨርሶ የማያጋሩ ብዙ ናቸው። በተለይ የአማርኛ መግለጫን ወይም ደብዳቤን ስክሪንሾት አድርጎ መለጠፍ ልማድ ሆኖብናል፤ ጽሑፉን መግለጫው ውስጥ ገልብጡት።

የወጣ ፖስት ማረም ይቻላል፤ ግን የቀድሞው መልኩም ለአንባቢ ይታያል። ስድብ ጽፎ በኋላ ማለሳለስ አያድንም።

«ፕራይቬት» የሚለው ቃል

ማስቶዶን ላይ የግል መልእክት የሚባለው፣ ስማቸው የተጠቀሰ ሰዎች ብቻ የሚያዩት ፖስት ነው። ከዚህ ሁለት አደጋ ይመጣል። አንደኛ፣ ከወዳጃችሁ ጋር በግል እያወራችሁ ሦስተኛ ሰው ብታሙና አድራሻውን በ@ ብትጽፉት መልእክቱ ለእሱም ይደርሰዋል። ሐሜቱ ከነባለቤቱ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም፤ የላኪውም የተቀባዩም ሰርቨር አስተዳዳሪ ቢፈልግ ሊያነበው ይችላል። የመረጃ ምንጭ ስም፣ የባንክ ቁጥር፣ የፓስፖርት ፎቶ በዚህ አይላክም። ለእንዲህ ያለው ሲግናል የሚባለው የተመሰጠረ የመልእክት አፕ አለ።

የሚያስቸግር ሰው ሲመጣ ሦስት ደረጃ አላችሁ፦ ሚዩት (አታዩትም፣ እሱ አያውቅም)፣ ብሎክ፣ እና ሙሉውን ሰርቨር ማገድ። ሪፖርት ስታደርጉ ግን አንድ ነገር አስቡ። አቤቱታውን የሚያየው ሰው ምናልባት አማርኛ አያነብም። ስድቡን ልኮ «ይህ ጥላቻ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በማስተርጎሚያ ማሽን ቢያስገባው ተረት ወይም ቅኔ ለበስ ዘለፋ ትርጉሙ ይጠፋል። አስተያየት መስጫው ላይ ቃሉ በቀጥታ ምን ማለት እንደሆነ፣ ማንን ለመንካት እንደሚነገር፣ ከሰርቨሩ ደንብ የትኛውን እንደሚጥስ በሦስት መስመር በእንግሊዝኛ ጻፉ። ሪፖርቱ ለሌላኛው ሰርቨርም ይተላለፍ ወይ የሚለውን ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት የዚያን ሰርቨር ጠባይ እዩ፤ ራሱ ተሳዳቢው አስተዳዳሪ የሆነበት ጊዜ አለ።

ጓዝ መጠቅለል

ሰርቨር ሊዘጋ፣ ሊሸጥ ወይም ሊከፋ ይችላል። ማስቶዶን ተከታዮቻችሁን ይዛችሁ እንድትወጡ ይፈቅዳል፤ የስልክ ቁጥር ቀይሮ ጥሪውን ወደ አዲሱ እንደማዞር ነው። የጻፋችሁት ግን አብሮ አይሄድም። ይህን ቀድሞ ያላወቀ ሰው የሁለት ዓመት ጽሑፉን አሮጌው ቤት ትቶ ሲወጣ ነው የሚነቃው። ደግሞም ይህ ሁሉ የሚሠራው አሮጌው ሰርቨር በሕይወት ሳለ ነው፤ አንዴ ከጠፋ በኋላ ተከታይ የሚያዞርላችሁ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የስደት ቀን ሳይመጣ በየወሩ የሚደረግ ነው።

1. በብሮውዘር «ኢምፖርት ኤንድ ኤክስፖርት» የሚለውን ክፈቱ። የምትከተሏቸውን፣ ያገዳችኋቸውን፣ ሚዩት ያደረጋችኋቸውን፣ ሊስትና ቡክማርካችሁን እያንዳንዱን እንደ ትንሽ ፋይል አውርዱ። የፖስቶቻችሁን ማኅደር ደግሞ ለብቻው ጠይቁ፤ በ7 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፣ ተዘጋጅቶ እስኪመጣም ይጠበቃል። ማኅደሩ ለንባብና ለማስቀመጫ ነው፤ አዲሱ አካውንት ላይ መልሶ አይጫንም።

2. አዲሱን አካውንት ክፈቱ፣ ፎቶውንና መግለጫውን ሙሉ። ከዚያ የወረዱትን ፋይሎች አስገቡ፤ መጀመሪያ የምትከተሏቸውን፣ ቀጥሎ ያገዳችኋቸውን። ሲጠይቃችሁ «መርጅ» የሚለውን ምረጡ። «ኦቨርራይት» ያለ ሰው፣ አዲሱ ላይ አስቀድሞ የያዘው ካለ ፋይሉ ውስጥ ያልተጻፈው ሁሉ ይጠፋበታል። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ሥራው ሰዓታት ይወስዳል፤ ቆሟል ብላችሁ ደጋግማችሁ አትጫኑ። በር ዘግተው የሚኖሩ አካውንቶች እንደገና ጥያቄያችሁን መቀበል አለባቸው።

3. አሁንም በአዲሱ አካውንት ላይ ሆናችሁ «ሙቪንግ ፍሮም ኤ ዲፈረንት አካውንት» በሚለው ገብታችሁ የአሮጌውን ሙሉ አድራሻ ጻፉ። ይህ አዲሱ አሮጌውን «አውቀዋለሁ» የሚልበት ነው። ሰው የሚሳሳተው ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ 4 ሲሄድ ነው፤ አሮጌው እንቢ ይለዋል፤ እንቢ ባይል ኖሮ ማንም የማንንም ተከታይ ይዘርፍ ነበር።

4. ወደ አሮጌው ግቡና «ሙቭ ቱ ኤ ዲፈረንት አካውንት» በሚለው የአዲሱን አድራሻና የአሮጌውን የይለፍ ቃል ጻፉ። ከመጫናችሁ በፊት የአድራሻውን ፊደል አንድ በአንድ አንብቡ። ከተጫነ በኋላ ለ30 ቀን እንደገና መዛወር አይቻልም።

5. አሮጌው አካውንት ላይ «ወደዚህ ተዛውሯል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ መጻፍም ያቆማል። አትሰርዙት። የድሮ ሊንኮቻችሁ የሚያመለክቱት እሱን ነው፤ የዘገየ ተከታይም አዲሱን የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው።

አዲሱን አድራሻ በቴሌግራም ቻናላችሁ፣ በፌስቡክ ገጻችሁና በኢሜይላችሁ ፊርማ ላይ ከመዛወራችሁ በፊት አስቀምጡ። በዲሴምበር 2022 ትዊተር የማስቶዶንን ይፋዊ አካውንት አግዶ፣ ወደ ማስቶዶን የሚወስዱ ሊንኮችንም ለጥቂት ቀናት ከልክሎ ነበር። አድራሻቸውን በአንድ ቦታ ብቻ የለጠፉ ሰዎች በዚያ ሳምንት ተቆርጠው ቀርተዋል።

ተከታዮች ወደ አዲሱ የሚመጡት ቀስ በቀስ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ግማሹ፣ የቀረው በቀኑ ውስጥ ቢመጣ አትደንግጡ። በማግስቱ ሁለቱን ቁጥሮች አወዳድሩ። የጎደለ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ሰውየው አካውንቱን ትቶት ጠፍቷል፣ የሚጠቀመው ከማስቶዶን ሌላ ሶፍትዌር የዝውውሩን መልእክት አይረዳም፣ ወይም የእሱ ሰርቨር አዲሱን ሰርቨራችሁን አግዷል። ለሁለተኛው በስሙ ጠቅሳችሁ አጭር መልእክት ብትልኩ ይበቃል። ሦስተኛው ከሆነ ግን ቀድሞ «አባውት» ገጹን ማንበብ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን የሚቀረው የአዲሱን ሰርቨር አስተዳዳሪ ምክንያቱን ጠይቆ፣ መልሱ ካላጠገበ 30 ቀኑን መቁጠር ነው።